ሽቦ አልባው የልብ ምት መቆጣጠሪያ

ጥያቄ፦ የአባቴ የልብ ምት በጣም ስለቀነሰ ሐኪማቸው ፔስሜከር (የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ) እንዲገባላቸው መክረዋል። ደረት ሳይከፈት የሚገባ ሽቦ አልባ ዓይነት መኖሩ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ባለሽቦውም ቢሆን ዛሬ በአብዛኛው ደረት መክፈትን አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1958 በስዊድን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አካል ውስጥ የተቀበረው ፔስሜከር ደረት ተከፍቶ የገባ ሲሆን፣ የሠራውም ለሰዓታት ብቻ ነበር። አሁን ባትሪው ከደረት ቆዳ ሥር ይቀመጥና ሽቦዎቹ በደም ሥር ወደ ልብ ይዘልቃሉ። ደካማ ጎኑም እዚሁ ላይ ነው፤ ሽቦ ሊሰበር፣ ባትሪው ያረፈበትም ቦታ ሊመረቅዝ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የተፈቀደው ማይክራ የተባለው ሽቦ አልባ ፔስሜከር ግን ክብደቱ 2 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ካቴተር በተባለ ቀጭን ቱቦ ከብሽሽት ደም ሥር ተነሥቶ ወደ ታችኛው የቀኝ የልብ ክፍል ይደርስና በጥቃቅን መንጠቆዎች ከጡንቻው ጋር ይያያዛል። ነገር ግን ምት የሚሰጠው ለዚያው ክፍል ብቻ ነው፤ ለላይኛውም ክፍል ምት የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙውን ጊዜ ባለሽቦው ይመረጥላቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙን በቅድሚያ ሊጠይቁ የሚገባው፣ ለአባትዎ ምት የሚያስፈልገው የትኛው የልብ ክፍል እንደሆነ ነው።