ጥያቄና መልስ፦ በጅማ የኤሌክትሪክ መኪና የት እንሙላ?

በሙያዬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ የኤሌክትሪክ መኪና መንዳት ከጀመርኩም ሁለት ክረምት አልፎኛል። ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ ግራውንድ፣ ማለትም ያመለጠን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ በሌለው ሶኬት ላይ መኪና አትሰኩ።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ጋሼ፣ ጅማ ቻርጅ አለ?

መልስ፦ ለየትኛው መኪና? መሰኪያው የቻይናው ጂቢቲ ነው ወይስ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2? ይህን ሳትነግረኝ «አለ» ብልህ ምን ይጠቅምሃል? ለቻይና ገበያ የተሠራ ቶዮታም ቮልስዋገንም ቢሆን መሰኪያው ጂቢቲ ነው፤ አርማው አያታልላችሁ። ካርታ ላይ ምልክት ስላያችሁም አትነሡ፤ ደውላችሁ ዛሬ እንደሚሠራ አረጋግጡ። እኔ መንገድ የምወጣው ጣቢያ የሚባል ነገር እንደሌለ ቆጥሬ ነው።

ከቦሳ፦ ቤት ውስጥ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ነው። 10 አምፔር የሚስብ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ220 ቮልት 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ባለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ከተነሣ ከ27 ሰዓት በላይ ይወስዳል ማለት ነው። ግን ማን ባዶ ያደርገዋል? ከተማ ውስጥ 40 ኪሎ ሜትር የዋለ መኪና ሦስት አራት ሰዓት ይበቃዋል። ባለ 32 አምፔር የግድግዳ ቻርጀር 7 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ እርሱ ግን ከቆጣሪው የተነሣ የራሱ መስመር፣ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ግራውንድ! በብዙ አሮጌ ቤቶች የተዘረጋው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ቻርጀሩ ቀይ መብራት አሳይቶ እምቢ ሲል «ባለሙያው» በቁራጭ ሽቦ ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) ከግራውንዱ ያገናኝና «ሠራ» ብሎ ሂሳቡን ይቀበላል። ያ ኒውትራል አንድ ቀን የተበጠሰ እንደሆነ የመኪናው አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። በጅማ ዝናብ፣ እግር ረጥቦ፣ ልጅ በሩን ሲነካ አስቡት። የግራውንድ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበር፣ በመሣሪያም ይለካ።

ከቆጪ፦ በዲቫይደር ብሰካስ?

መልስ፦ አይሆንም።

ከአጂፕ፦ ባለ 184 ሜጋ ዋቱ ግልገል ግቤ ደጃችን ሆኖ መብራት የሚጠፋብን ለምንድን ነው?

መልስ፦ ግድቡ የሚሰጠው ለአገሩ መረብ እንጂ ለሰፈርህ አይደለም። የሚደክመው የሰፈር ትራንስፎርመር ነው።

የቡና ነጋዴ፦ እኔ ጄኔሬተር ገዝቼ ተገላገልኩ።

ባለባጃጅ፦ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ልትሰለፍ ነው? ታዲያ የድሮው መኪናህ ምን አደረገህ?

የቡና ነጋዴ፦ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሎ ምን ልግዛ፣ በቅሎ?

መልስ፦ ስለ በቅሎ ሌላ ቦታ ተከራከሩ።

ከሄርማታ፦ አባባ፣ አንድ ጊዜ ሞልቼ አዲስ አበባ እደርሳለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ግን ይሸነግላል። ሰኮሩን አልፈህ ወደ ግቤ በረሃ ስትወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ጥቂት ይመልስልሃል፤ ደስ ብሎህ ትፈጥናለህ። ድልድዩን ስትሻገር ነገሩ ይገለበጣል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ከግቤ እስከ አዲስ አበባ ያለው ከፍታ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። የመኪናው ወረቀት ላይ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚለው በቻይና ልኬት ነው፤ ግቤን አያውቅም። ወልቂጤ ወይም ወሊሶ የሚያድር ሰው ለሆቴሉ አስቀድሞ ይደውል፤ ሶኬቱ ግራውንድ እንዳለውም ይጠይቅ።

ከመርካቶ፦ ጅማ ቻርጅ አለ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ!

ከጅሬን፦ ጋሼ፣ ቻርጀሬ ቀይ መብራት ያሳይ ነበር፤ ባለሙያ አስተካክሎልኛል። አሁን በሩን ስነካ ትንሽ ይነዝረኛል። ከዝናቡ ይሆን?

መልስ፦ አሁኑኑ ብሬከሩን አጥፋ፣ መኪናውን አትንካ። ልጆቹን ወደ ቤት አስገባ። ሶኬቱ ውስጥ ቁራጭ ሽቦ ታገኛለህ፤ አንተ ግን አትክፈተው። ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ እመጣለሁ።