ቻታኑጋ ስለመኖር ጥያቄ ያለው ይጠይቅ (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ቤተሰብ፣ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ስለ ቻታኑጋ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ሁሉም እንዲያየው እዚሁ ልመልስ ብዬ ነው። አሜሪካ ቴነሲ ስቴት ውስጥ ያለች፣ በ2020ው ቆጠራ 181 ሺህ ሰው ገደማ ያላት፣ ቴነሲ ወንዝ መሀሏን የሚያቋርጣት ከተማ ናት፤ ከአትላንታም ከናሽቪልም የሁለት ሰዓት መንገድ ናት። ኪራይ ስንት ነው አትበሉኝ፣ በየሰፈሩ ይለያያል፣ ኦንላይን አለላችሁ። መኪና ሳትይዙም አትምጡ።

የዲሲዋ፦ ጋሼ ትንሽ ከተማ አይደብርም? ምኑ ነው እንዲህ ያስወደደዎት?

መልስ፦ ወንዙ ነዋ እህቴ። ወንዝ ያለው ከተማ ሞልቷል፣ ግን ዳሩን ፋብሪካና ሀይዌይ ይዞት ሰው አይደርስበትም። እዚህም እንደዛ ነበር፣ በ1969 የፌደራል መንግስት አየሩን ሲለካ በጭስና በብናኝ ከአገሩ ሁሉ የባሰች ሆና የተገኘችው ይቺው ከተማ ናት። በ1992 አኳሪየሙ (አሳና ሌላ የውሃ እንስሳ የሚታይበት ቤት) ወንዙ ዳር ተከፈተ፣ በዓመቱ ደግሞ ዋልነት ስትሪት ድልድይ። ድልድዩ የ1891 ስራ ነው፣ በ1978 አርጅቷል ተብሎ ለመኪና ተዘጋና ሊያፈርሱት ሲሉ ነዋሪው አይሆንም ብሎ ገንዘብ አሰባስቦ አተረፈው፣ ይኸው ዛሬ ከ700 ሜትር በላይ ርዝመቱ በሙሉ የእግረኛ ነው። ማታ ከስራ ወጥተህ ብትሄድ ሽማግሌው፣ ህጻኑ፣ ሯጩ፣ ሁሉም እዛ ነው፣ ማንም ሳንቲም አይከፍልም። እኔ ለዚህ ነው የምኖረው፣ ሀብታም ብቻ የሚያየው ወንዝ አይደለም። ግን ታሪኩን በሙሉ እወቁት። በ1906 ኤድ ጆንሰን የሚባል ጥቁር ሰው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን አግዶለት እያለ መንጋ ከእስር ቤት አውጥቶ እዚሁ ድልድይ ላይ ገደለው። መታሰቢያው በ2021 ድልድዩ ደቡብ ጫፍ ላይ ተሰርቷል፣ እኛም እዚህ ልጅ የምናሳድግ ጥቁሮች ስለሆንን መጀመሪያ እዛ ቁሙ።

ሰላም7፦ ስራ አለ?

መልስ፦ ምን አይነት ስራ? እንደዚህ ተጠይቆ አይመለስም። ቮልስዋገን ከ2011 ጀምሮ እዚህ መኪና ይሰራል፣ ሆስፒታል አለ፣ መጋዘን አለ። ከቤት የምትሰሩ ከሆነ ኢንተርኔቱ የከተማው የራሱ መብራት ኃይል ነው፣ ከ2010 ጀምሮ አንድ ጊጋ ለሁሉም ቤት ያቀርባል።

ናሽቪልዬ፦ ደሞዝ ግን እዚህ ናሽቪል ይሻላል፣ ታክሱ እንደሆነ ያው አንድ ስቴት ነው።

የዲሲዋ፦ ቴነሲ ከደሞዝ የስቴት ታክስ አይቆርጥም አይደል?

ናሽቪልዬ፦ አይቆርጥም፣ ግን ሱቅ ስትገቢ 9 ምናምን ፐርሰንት ይጠብቅሻል።

መልስ፦ ቻታኑጋ 9.25 ነው። አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር፣ እዚህ እየኖራችሁ ጆርጂያ ውስጥ ዳልተን ከተማ ምንጣፍ ፋብሪካ ከሰራችሁ ጆርጂያ ታክሷን ትቆርጣለች። ድንበሩ ቅርብ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሄን ሳያስብ ነው ስራ የሚይዘው።

የጣና ልጅ፦ አባይ ዳር ያደገ ሰው ቴነሲ ወንዝ ምን ያደርግለታል፣ ባህር ዳር እያለች!

ሐዋሳ ፍቅር፦ ኧረ ሐዋሳን ሳታይ ነው የምታወራው ወንድሜ፣ አሞራ ገደል አሳ በልተህ ታውቃለህ?

የጣና ልጅ፦ አሳ በጣና ነው፣ ሌላው...

መልስ፦ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፣ ግን እባካችሁ ሌላ ቦታ ጨርሱት፣ ሰው ቤት ሊገዛ እየጠየቀ ነው።

ብሩክታይት፦ ወንዝ አጠገብ ቤት አይተናል፣ እንግዛ? ጎርፍ ድሮ ቀርቷል አለን ሻጩ።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። በ1867 ወንዙ ከተማዋን አጥለቅልቆ ነበር። ከዛ ቲቪኤ (የወንዙን ግድቦች የሚያስተዳድረው የፌደራል መስሪያ ቤት) በ1933 ተቋቋመ፣ በ1940 ከከተማው በላይ ቺካማጋ ግድብ አለቀ፣ የላይኞቹ ግድቦችም ዝናብ ሲበዛ ውሃውን ይዘው ቀስ እያሉ ይለቃሉ። ስለዚህ ዋናው ወንዝ እንደ ድሮው አይደለም፣ እሱ ልክ ነው። ሻጩ ያልነገራችሁ ገባሮቹን ነው። ሳውዝ ቺካማጋ ክሪክ የመሰሉት ዶፍ ሲወርድ በራሳቸው ይሞላሉ፣ ግድቡ ለነሱ ምንም አያደርግም። አድራሻውን የፌማ (የፌደራሉ የአደጋ መስሪያ ቤት) ጎርፍ ካርታ ላይ አስገቡ። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይከፍልም፣ ለብቻው ነው የሚገዛው፣ የመንግስቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛ 30 ቀን ካላለፈው አይሰራም። ዝናብ ሲመጣ እገዛለሁ ማለት አይቻልም። ካርታውን ሳታዩ አትፈርሙ።

አቤል፦ ኪራይ ስንት ነው?

መልስ፦ አቤል፣ መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ።

ኪያ፦ ጤፍስ?

መልስ፦ እኔ ከአትላንታ ነው የማመጣው።

ናሽቪልዬ፦ እሺ አሸነፉኝ፣ ቅዳሜ መጥቼ ልየው። በአንድ ቀን ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ በጠዋት ውጣ፣ የኛ ሰዓት ከናንተ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። መኪናህን አኳሪየሙ ጋ አቁምና ድልድዩን በእግርህ ተሻግረህ ኩሊጅ ፓርክ ውረድ፣ ልጆች ካሉህ እዛ ይጫወታሉ። ቤት ልታይ ካሰብክ ደግሞ አድራሻውን ከመምጣትህ በፊት ካርታው ላይ አስገባው።