«ኤአይ ነው የጻፈው» መልስ አይሆንም፦ ስለ ኮድና ስለ ሙያ ኩራት ጥያቄና መልስ

እንደምን ከረማችሁ? ኮድ የምትጽፉ የጎጃም ልጆች ሰሞኑን ስለ ኤአይ ብዙ ስትጠይቁኝ ነበር። ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ። እኔ ባሕር ዳር ሆኜ በአብዛኛው የምሠራው የቆየ ሲስተም ማስተካከል ነው። እንጀራዬ ሌላ ሰው ጽፎት የሄደውን ኮድ ማንበብ ነው። መልሴ ወደዚያ ቢያደላ አትገረሙ።

ጥያቄ፦ የፖሊ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኤአይ ሁሉንም የሚጽፍ ከሆነ እኔ ሲንታክስ (የኮድ ሰዋስው) የምሸመድደው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሽምደዳውን ተዪው እህቴ። በሱ ማሽኑ ከኔም ካንቺም ይበልጣል። የማይተወው ማንበብ ነው። ጊትኸብ ኮፓይለት የሚባለው ኮድ ጻፊ ኤአይ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ለሙከራ ሲወጣ ቀጥሎ የሚመጣውን መስመር ወይም ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ይገምት ነበር። ዛሬ እነ ከርሰርና ክላውድ ኮድ ፋይሉን ራሳቸው ከፍተው፣ ቀይረው፣ ቴስት (ኮዱን የሚፈትን ኮድ) አስኬደው ይመለሳሉ። ማሽኑ ብዙ በጻፈ ቁጥር አንቺ የምታነቢው ይበዛል። ኮድ ማንበብ ደግሞ የሚለመደው ራስ ጽፎ፣ ተበላሽቶ፣ ሲያስተካክሉት ነው። አሳይመንቱን መጀመሪያ ራስሽ ሥሪው። ከዚያ «የት ላይ ደከምኩ?» ብለሽ ኤአይን ጠይቂው።

ጥያቄ፦ ከቡሬ ነኝ። የአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም ተረከብኩ። የተጻፈው በፒኤችፒ (የዌብ ፕሮግራም ቋንቋ) ነው። አንዱ ፋይል ብቻ ስድስት ሺህ መስመር ይሆናል። የጻፈው ልጅ የለም። ለኤአይ ሰጥቼ ከዜሮ ላስጽፈው?

መልስ፦ በፍጹም! ይህን ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የተዝረከረከ ኮድ ስናይ የጻፈውን ሰው መናቅ ይቀናናል። ግን ያ ኮድ እየሠራ ነው። ሰው ብሩን እያስቀመጠበት ነው። አስቀያሚ ከሚመስሉት መስመሮች ብዙዎቹ ማኅበሩ በወረቀት ያላሰፈራቸው ደንቦች ናቸው። ለምሳሌ ወሩ 13 ሲሆን ወለዱ በቀን ተሰልቶ እንዲታሰብ የምታደርግ አንዲት «ኢፍ» («እንዲህ ከሆነ» የምትል መስመር) ልታገኝ ትችላለህ። ኤአዩን «አጽዳልኝ» ካልከው፣ ዓመት 12 ወር ነው ብሎ ሊያጠፋት ይችላል። ኮዱ ያምራል። ጳጉሜ ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይዛባል።

ከዜሮ መጻፍ ትልልቆቹንም ጎድቷል። ኔትስኬፕ የሚባለው ኩባንያ ብሮውዘሩን (የድረ ገጽ መክፈቻውን) እንደ አዲስ ልጻፍ ብሎ ተነሣ። ቁጥር 5 ሳይወጣ ቀርቶ ቁጥር 6 የወጣው በ2000 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። በዚያ መሀል የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ገበያውን ወስዶታል።

እንዲህ አድርግ። ኮዱን ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢ) ውስጥ አስገባ፣ ዳታቤዙን ባክአፕ አድርግ። ከዚያ ሲስተሙ ዛሬ የሚሰጠውን ውጤት በቴስት ያዝ። ይህን ያህል ብር፣ በዚህ ቀን ገብቶ፣ ይህን ያህል ወለድ ወጣ። ውጤቱ ስህተት ቢመስልህም እንዳለ መዝግበው፤ ኋላ ከማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ጋር ታየዋለህ። ኤአይ በጣም የሚጠቅምህ እዚህ ነው። «ይህ ፋንክሽን ምን ይሠራል? ማን ይጠራዋል? ቴስት ጻፍለት» በለው። ከዚያ በኋላ ትንሽ ትንሹን ቀይር። አንድ ለውጥ፣ አንድ ኮሚት (ጊት ላይ አንድ ምዝገባ)።

ይህን ካላደረግህ መዝረክረኩ ይብሳል። ኤአይ ያየውን ኮድ አስመስሎ ይጽፋል። ወለድ የሚያሰሉ ሦስት ፋንክሽኖች በተለያየ ፋይል ካሉና እነሱን ካላየ፣ አራተኛ ይጽፍልሃል። «ቴክኒካል ዴት» ወይም የኮድ ዕዳ የሚለውን አባባል በ1992 (እ.ኤ.አ.) ያመጣው ዋርድ ከኒንግሃም የሚባል ፕሮግራመር ነው። የሱ ሐሳብ፣ ባለህ ግንዛቤ ጽፈህ ትለቃለህ፣ ግንዛቤህ ሲያድግ ተመልሰህ ታስተካክላለህ የሚል ነበር። ማንም ሳያነበው የገባ የኤአይ ኮድ ላይ ግን የሚያድግ ግንዛቤ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸ ነው።

ጥያቄ፦ በእኛ አገር ነገር ላይ በብዛት የሚሳሳተው የት ነው?

መልስ፦ ስም ላይ ይጀምራል። «ላስት ኔም» ብሎ የአያትን ስም የቤተሰብ መጠሪያ ያደርገዋል፤ ባልና ሚስት አንድ የአባት ስም አላቸው ብሎ ይነሣል። ሰዓት ላይ በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለውን የ6 ሰዓት ልዩነት ይረሳል። ፍለጋ ላይ «ፀሐይ» ብሎ የተመዘገበውን «ጸሃይ» ብለህ ብትፈልግ አታገኘውም፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀ፣ ጸ እና ፀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ እንዲገናኙ ራስህ ማዘዝ አለብህ። ፒኤችፒ ላይ ደግሞ በስትርለን (የጽሑፍ ርዝመት በሚቆጥረው ፋንክሽን) «አበበ»ን ብታስቆጥረው 9 ይልሃል። የሚቆጥረው ባይት ነው፣ የግእዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ሥርዓት) ሦስት ሦስት ባይት ይወስዳል። «ስም ቢበዛ 20 ፊደል» የሚል ገደብ በዚህ ከተሠራ ከሰባተኛው ፊደል ጀምሮ ሰው መመዝገብ ያቅተዋል።

ከሁሉ የከፋው ቀን ነው። ኤአይ የቀን መቀየሪያ በጻፈልህ ቁጥር ይህን ፈትን፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆን አለበት። መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12። ይህን ካላለፈ አትቀበለው።

ጥያቄ፦ ግን እውነት ያፈጥናል?

መልስ፦ እንደ ሥራው ነው። ሜትር የሚባል የምርምር ተቋም በ2025 (እ.ኤ.አ.) 16 ልምድ ያላቸው ዴቨሎፐሮችን ለዓመታት በሚያውቁት ኮድ ላይ ፈትኗል። ኤአይ ሲጠቀሙ 19 በመቶ ዘገዩ። ሥራው ካለቀ በኋላም ግን 20 በመቶ የፈጠኑ ይመስላቸው ነበር። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ ጥናቱም ትንሽ ነው። ቢሆንም «ፈጠንኩ» የሚለውን ስሜት ብቻ አትመኑ። አዲስ ነገር ለመሞከር፣ የማታውቁትን ቋንቋ ለመጀመር ግን ያፈጥናል፣ አልክድም።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። ወደ ኮድ የመጣሁት ከቅኔ ቤት ነው። ኤአይ የጻፈውን «የኔ ሥራ» ማለት ያሳፍረኛል። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ከኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ። ቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ ሰምቶ መማር ነውር የለውም፤ እንዲያውም የሚለመደው እንዲያ ነው። ነውሩ የሰውን ቅኔ የኔ ብሎ የኔታ ፊት መቆም ነው። «ፍታው» ሲሉህ ሰሙንና ወርቁን መፍታት ካቃተህ ታወቀብህ። ኮዱንም በዚሁ መዝነው። ሰው አጠገብህ ቁጭ ብሎ «ይህ መስመር ለምን እዚህ ገባ?» ሲልህ መፍታት ከቻልክ፣ ያንተ ነው። ጣቶችህ ባይጽፉትም መርጠኸዋል፣ ፈትነኸዋል፣ ተጠያቂ ሆነህበታል። መፍታት ካልቻልክ ግን እፍረትህ ልክ ነው። አታጥፋው፤ ከአንድ ጥሩ ሠራተኛ የምፈልገው እሱን ነው።

የእጅ ደስታው ይቀራል ወይ ለምትለውም፣ እኔ አሁንም አንዳንዱን በእጄ እጽፋለሁ። ሰዓት ይፈጃል። ደስ ስለሚለኝ ብቻ እጽፈዋለሁ፤ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ቡድን እመራለሁ። ጀማሪዎቹ በአንድ ቀን ሁለት ሺህ መስመር ያመጡልኛል። ማን ያንብበው?

መልስ፦ እርስዎ አያንብቡት፤ ይመልሱት። የፑል ሪኩዌስቱን (ለግምገማ የሚቀርበውን የኮድ ለውጥ) መጠን ይገድቡ፣ ያመጣው ልጅ መጀመሪያ በቃሉ ያስረዳ። አስረድቶ ሲጨርስ ግማሹን ራሱ ሲሰርዘው ያዩታል። ልጆቹን ግን ኤአይ በመጠቀማቸው አይቆጧቸው። ቁጣ ድብቅ ያደርጋቸዋል።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ ሲጠፋስ?

መልስ፦ በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ሲቋረጥ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ኔት ሲኖር ኦላማን (ኤአይን በራስ ኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም) ጫኑ፣ ኩዌን 2.5 ኮደር የሚባለውን ባለ 7 ቢሊዮን ፓራሜትሩን የኤአይ ሞዴል አውርዱ። 5 ጊጋ ገደማ ነው፤ 16 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከትልልቆቹ ይደክማል። ፋንክሽን ለማስረዳትና ቴስት ለመጻፍ ግን ይበቃል። ዶክመንቴሽኑንም (የቋንቋውን መመሪያ) አብራችሁ አውርዱ።

ጥያቄ፦ እንጅባራ ሆኜ ፍሪላንስ እሠራለሁ። ለደንበኛዬ ኤአይ እንደምጠቀም ልንገረው ወይስ ዋጋ ይቀንስብኛል?

መልስ፦ ንገሪው፣ ያውም ውል ከመፈረማችሁ በፊት። የደንበኞቹን ስም፣ ስልክና ሒሳብ ኤአይ ላይ እንደማትለጥፊም ጨምረሽ ጻፊለት። ዋጋ ሲከራከርሽ የምትሸጪለት የመስመር ብዛት እንዳልሆነ አስረጂው። ሲስተሙ ሌሊት ቢቆም ስልክ የምታነሺው አንቺ ነሽ፤ ሒሳብሽን በዚያ አስዪ።