እናትሽ በማመልከቻሽ ውስጥ የሉም

ጥያቄ፦ «31 ዓመቴ ነው፤ ሰባት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። በኤክስፕረስ ኢንትሪ ወደ ካናዳ ለመሄድ ማመልከት ጀምሬአለሁ። አባቴ አርፏል። 67 ዓመት የሆናትን እናቴን አራት ኪሎ ብቻዋን ጥያት መሄድ አልችልም፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። እንዴት አብሬያት ልሂድ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከባዱን መጀመሪያ ልንገርሽ፤ ኤክስፕረስ ኢንትሪ ካናዳ ባለሙያዎችን በቋሚ ነዋሪነት የምትቀበልበት መንገድ ነው፤ በዚህ ማመልከቻ እናትሽን ይዘሽ መሄድ አትችዪም። አብሮ የሚሄድ ቤተሰብ የሚባለው የትዳር ጓደኛና ከ22 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆች ናቸው። እናት ቤተሰብ አይደለችም መባሉ ለእኛ ጆሮ ይከብዳል፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው። የአሜሪካ ዲቪ ቢደርስሽም ያው ነው፤ ወላጅ ለመጥራት መጀመሪያ ዜግነት ማግኘት ያስፈልጋል። «ጥገኛ አድርገን እናስገባቸዋለን» የሚል ደላላ ከገጠመሽ ገንዘብሽን ይዘሽ ውጪ። ካናዳ ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበን ሰው ለ5 ዓመት ታግዳለች፤ ያን ጊዜ ሁለታችሁም ቀራችሁ።

እናትሽ ኋላ የሚመጡበት መንገድ የሚከፈተው በደመወዝሽ ነው። ወላጅን በቋሚ ነዋሪነት ለማስመጣት ከኩቤክ በስተቀር የ3 ተከታታይ ዓመታት በቂ ገቢ በግብር ማስረጃ ታሳያለሽ፤ ለ20 ዓመት ወጪያቸውን ልትሸፍኚም ትፈርሚያለሽ። በዚህ ላይ ለማመልከት መጋበዝ ያስፈልጋል፤ ግብዣውም በዕጣ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2021 እስከ 2025 የተጋበዙት በ2020 ፍላጎታቸውን ካስመዘገቡት መካከል ብቻ ነበር። ይልቅ ተስፋ የምጥለው በሱፐር ቪዛ ላይ ነው፤ ይህ ወላጆች ካናዳ ያሉ ልጆቻቸውን ለረጅም ጊዜ እንዲጎበኙ የሚሰጥ ቪዛ ነው። በአንድ መግቢያ እስከ 5 ዓመት ያስቆያል። ሆኖም እናትሽ የሚሄዱት በጎብኚነት ስለሆነ የመንግሥት ሕክምና አይሸፍናቸውም፤ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የጤና መድን ትገዢላቸዋለሽ፤ አንቺም የሚፈለገውን ገቢ ማሳየት አለብሽ። ስኳርና ደም ግፊት መድኑን ያስወድዳሉ። የሐኪም ክትትላቸውን እንዳያቋርጡና መዝገባቸው እንዲሟላ ከአሁኑ አድርጊ።

እዚህ ላይ ነው የሙያሽ ጉዳይ የሚመጣው። ለኢሚግሬሽን ያስገመገምሽው ዲግሪ የነርስነት ፈቃድ አይደለም፤ ፈቃዱ ለብቻው የሚጠየቅ ነው። ይህን ካናዳ ከደረሱ በኋላ የሚያውቁ ስንት ጎበዝ ነርሶች አይቻለሁ! ለጊዜው ብለው በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ በዝቅተኛ ክፍያ ይገባሉ፤ ኪራይና ድካም ተደራርቦ ፈቃዱ ከዓመት ዓመት ይገፋል፤ ከእርሱ ጋር የእናታቸውም መምጫ ይገፋል። ስለዚህ ፈቃዱን እዚሁ ሆነሽ ጀምሪ። የትምህርት ቤትሽ ሬጅስትራር ማስረጃሽን በቀጥታ እንዲልክ፣ የሙያ ፈቃድ የሰጠሽ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ እንዲጽፍ፣ አሠሪዎችሽ የሥራ ልምድሽን ከነሥራ ድርሻሽ እንዲዘረዝሩ ዛሬ በእግርሽ ሄደሽ ማስፈጸም ትችያለሽ። ከቶሮንቶ በስልክ መለመን ሌላ ነው።

ብዙዎች የሚረሱት አንድ ወረቀት አለ። ፓስፖርትሽ ላይ ያለው የአባትና የአያት ስም ነው፤ የእናትሽ ስም የለበትም። ልጃቸው መሆንሽን የሚናገረው የልደት የምስክር ወረቀትሽ ነው። በእርሱ ላይ ያለው የእናትሽ ስም አጻጻፍ ከፓስፖርታቸው ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ ሳትሄጂ አስተካክዪው።

ቤታችሁ በእናትሽ ስም የተያዘ የቀበሌ ቤት ከሆነም ረጅም ጊዜ ሲወጡ ምን እንደሚሆን ከወረዳው አጣሪ። በመካከሉ ማን አብሯቸው እንደሚያድር፣ ማን መድኃኒታቸውን እንደሚገዛ በስም ተነጋገሩ፤ «ዘመድ አለ» የሚለው ብቻ አይበቃም።

በደብዳቤሽ ያጣሁት ግን የእናትሽን ቃል ነው። መሄድ ይፈልጋሉ? እድራቸውን፣ የጽዋ ማኅበራቸውን፣ በእግራቸው የሚሄዱባትን ሥላሴን ትተው፣ ቋንቋውን በማያውቁት አገር፣ አንቺ የሌሊት ተረኛ ስትሆኚ ብቻቸውን ክረምቱን መክረም? ምናልባት «ከልጄ ጋር ከሆንሁ የትም» ይሉ ይሆናል። ምናልባትም በየሁለት ዓመቱ መጥተሽ ብታዪያቸው ይመርጡ ይሆናል። መልሳቸው ስንት ዓመት እንደምትቆጥቢና የትኛውን ቪዛ እንደምትከተዪ ይወስናል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው ሲፈላ ጠይቂያቸው። ከዚያም ሁለታችሁም ቢሮዬ ኑ፤ ዕቅዱን አብረን እንጽፋለን።