ፍግ ወይስ ዩሪያ? ለማይታረስ የሣር መሬት

ጥያቄ፦ ታርሶ የማያውቅ አንድ ሄክታር የሣር መሬት አለኝ፤ በየዓመቱ ለድርቆሽ አጭደዋለሁ። ለጥቂት ዓመታት ዩሪያ ብቻ ስበትን መጀመሪያ ለምልሞ ነበር። አሁን ግን ማገጡ (ከሣሩ ጋር የሚበቅለው ባለ ሦስት ቅጠል መኖ) ጠፋ፣ ሣሩም ሳሳ። ዩሪያውን ትቼ ወደ ፍግ ልመለስ?

መልስ፦ ፍጉን ያስቀድሙ፣ ዩሪያውን ግን ጨርሰው አይተዉት።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፖታሲየም እጥረት ነው። 5 ቶን ድርቆሽ ከማሳው ሲወጣ ናይትሮጅንም ፖታሲየምም ከ75 እስከ 100 ኪሎ ገደማ ይዞ ይሄዳል። ዩሪያ የሚመልሰው ናይትሮጅኑን ብቻ ነው። የቀረ ማገጥ ካለ ቅጠሉን ገልበጥ አድርገው ይዩት፤ ጠርዙ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ከተደረደረ ፖታሲየም አንሶታል። ሣር በሥሩ ስለሚሻማው ቀድሞ የሚጎዳው ማገጡ ነው።

10 ቶን የከብት ፍግ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ናይትሮጅን ቢኖረውም በመጀመሪያው ዓመት ለሣሩ የሚደርሰው 10 ኪሎ ያህል ነው፤ ቀሪው ቀስ እያለ ይለቀቃል። ፖታሲየሙ ግን አብዛኛው በዚያው ዓመት ይገኛል። ክምሩ ዝናብ ሲመታው ከከረመ ብዙው ፖታሲየም ታጥቦ ሄዷልና ሸፍነው ያቆዩት።

የሣር መሬት ላይ ፍግ አርሶ መቅበር አይቻልም፤ ከሚታረስ ማሳ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጥሬ እበት ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ይተናል፣ ጓሉም ከበታቹ ያለውን ሣር አፍኖ ያደርቃል። ሲጨብጡት የሚፈረፈር፣ የእበት ሽታ የለቀቀውን ይምረጡ። ካጨዱ በኋላ፣ ሣሩ ሳያድግ፣ ሣሩ በመሃሉ እስኪታይ ድረስ አሳስተው ይበትኑት።

ሣሩ እንደገና ሲያቆጠቁጥ 50 ኪሎ ዩሪያ (23 ኪሎ ናይትሮጅን) ይጨምሩ። ዩሪያን በጤዛ መበተን ትልቅ ስህተት ነው፤ ጤዛው ያሟሟዋል እንጂ ወደ አፈር አያወርደውም፣ በደረቀው የሣር ብስባሽ ላይ ያለው ኢንዛይም ወደ አሞኒያ ለውጦት ይተናል። ቅጠሉ ደርቆ ዝናብ በቀረበበት ሰዓት ይበትኑ፤ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ከዘነበ ወደ አፈሩ ይገባል። ማገጥ ተመልሶ የማሳውን ሲሶ ከያዘበት ቦታ ላይ ዩሪያውን ይተዉት፤ ማገጡ ራሱ ናይትሮጅን ያስገባል። የፈሰሰ ዩሪያ ከብት ከላሰው ይመርዛልና ጆንያውን አጥብቀው ይሰሩት።

የአፈሩን አሲዳማነትም ያስመርምሩ። እንግሊዝ አገር ሮትሃምስተድ በሚባለው የግብርና ምርምር ጣቢያ በ1856 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረው የፓርክ ግራስ የሣር መሬት ሙከራ ላይ አሞኒየም ሰልፌት የተባለው የናይትሮጅን ማዳበሪያ ብቻ ሲበተንባቸው የኖሩት ማሳዎች ክፉኛ አሲዳማ ሆነው የሣር ዓይነታቸው ጥቂት ብቻ ቀርቷል። ዩሪያ በዝግታም ቢሆን ወደዚያው ይወስዳል። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከሆነ ኖራ ያስፈልጋል፤ ኖራውን ግን ከፍግም ሆነ ከዩሪያ ጋር አንድ ላይ አይበትኑ፣ ናይትሮጅኑን ወደ አየር ይገፋዋል። በመካከላቸው ጥቂት ሳምንታት ይለፉ።