ታኖስ «ኃያል» ነው ወይስ «ኃይለኛ»?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂው ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ እኔና አንድ የመሐል ሜዳ ልጅ በታኖስ ተጣልተናል። የማርቭል ፊልሞች ላይ ያለው ክፉው ገጸ ባሕርይ ነው። እኔ ‹ታኖስ ሀያል ነው› አልኩ። እሱ ‹ሀይለኛ በለው እንጂ ሀያል አይደለም፤ ጉልበቱ የድንጋዮቹ ነው› አለኝ። ቃላቱ ልዩነት አላቸው እንዴ? ደግሞስ የታኖስ ሌጋሲ በአማርኛ ምን ይባላል? እኔ ቅርስ ስል ሳቀብኝ።»

ልጄ፣ በሁለተኛው ነገር እኔም ስቄብሃለሁ። በመጀመሪያው ግን ጓደኛህ ቶሎ ባይኩራራ ጥሩ ነው።

ታኖስን አላውቀውም ነበር። የእህቴ ልጅ ብርድ ልብስ አከናንባ ሁለት ማታ አስቀምጣ አሳየችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። 6 ድንጋዮች አሉ። ሰውየው ለቅሞ ጓንቱ ላይ ይሰካቸዋል። ከዚያ በጣቱ ጧ ሲያደርግ የፍጥረት ሁሉ እኩሌታ እንደ አመድ በነነ። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ፊልም ላይ ነው። የጓደኛህ ክርክር ይገባኛል። ያ ሁሉ ጉልበት ከድንጋዮቹ ከመጣ የሰውየው ድርሻ የቱ ነው?

አሁን ወደ ቃሉ። የሁለቱም አባት ግዕዙ «ኀየለ» ነው፤ በረታ፣ ጠነከረ ማለት ነው። አማርኛ ኀን ውጦ «አየለ» አደረገው። ብርዱ አየለ እንላለን። ሸዋ ውስጥ አየለ የሚባል ሰው የሌለበት ቀበሌ መኖሩን እጠራጠራለሁ። «ኃያል» ከዚሁ ግስ በቀጥታ የወጣ ቅጽል ነው። ብርታቱ የባለቤቱ የራሱ ነው። «ኃይለኛ» ግን ዞሮ ነው የመጣው። መጀመሪያ ስሙ «ኃይል» አለ፤ በላዩ «-ኛ» ተቀጠለችበት። ይህች ምዕላድ ብዙ ጊዜ የምትነግርህ ሰውየው ምን እንደያዘ ወይም ምን እንደሚያዘወትር ነው። ፈረሰኛ ፈረስ የያዘ ነው። ሲወርድ ፈረሰኛነቱ ኮርቻው ላይ ይቀራል። ታኖስም ጓንቱን ሲያወልቅ እንዲሁ ነው ብትለኝ ጓደኛህን ደገፍክ ማለት ነው።

«እግረኛስ? እግር ይወልቃል እንዴ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እሺ፣ ምዕላዷ ብቻዋን ዳኛ አትሆንም። አጠቃቀሙ ግን ይመሰክራል። «ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ኃያል የመጽሐፍ፣ ኃይለኛ የአፍ ነው» የሚሉ መምህራን አሉ። አንድ ከሆኑ እስቲ «ኃያል አረቄ» ይበሉ! የደብረ ብርሃን አረቄ ኃይለኛ ነው። የኅዳር ውርጭ ኃይለኛ ነው። የጎረቤቴ ውሻ ኃይለኛ ነው። በአንዳቸውም ላይ «ኃያል» አይገባም። «ኃያላን መንግሥታት» ያልነውንም «ኃይለኛ መንግሥታት» ብንለው ሌላ ነገር ይሆናል፤ የሚናከሱ ያስመስላቸዋል።

እዚህ ላይ የምወደው ነገር አለ። የምኒልክ አባት የሸዋው ንጉሥ ስማቸው ኃይለ መለኮት ነበር። የመለኮት ኃይል ማለት ነው። ስሙ ውስጥ ያለው ኃይል የንጉሡ አይደለም፤ የማን እንደሆነ ስሙ ራሱ ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። ለታኖስም «ኃይለ ድንጋይ» የሚል ስም ቢወጣለት ክርክራችሁ ባልተጀመረ።

አንድ ሌላ ትርጉም ደግሞ ተረስቷል። «ኃይለኛ» የጠባይ ቃልም ነው። ኃይለኛ አማት፣ ኃይለኛ አባት። ቱግ የሚል፣ የማይጠጉት። ታኖስ እንዲህ ነው? እኔ ያየሁት ሰውዬ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ያሳደጋትን ልጅ ለአንድ ድንጋይ ሲል ገደል ሲወረውር የሚያለቅስ ነው። ክፋቱ እርጋታው ላይ ነው። መንዝ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰው ኃይለኛ አይሉትም። ዝም ብለው ይርቁታል።

ታዲያ ኃያል ነው? ማስረጃው ለሁለታችሁም ያደላል። ድንጋዮቹን ራሱ ካጠፋቸው በኋላ ቆስሎና ደክሞ ተገኘ፤ ከጀግኖቹ አንዱ፣ ቶር፣ አንገቱን ቀላው። ይሄ ለጓደኛህ ነው። ግን በ2019ኙ ፊልም ከድሮ ዘመን የመጣው ሌላው ታኖስ አንድም ድንጋይ ሳይይዝ ከሦስት ጀግኖች ጋር ብቻውን ገጥሟል። ይሄ ደግሞ ለአንተ ነው። ስለዚህ «ኃያል» ማለትህ ስሕተት አልነበረም። እኔ ግን ኃያል የሚለውን ቃል ለእንዲህ ያለ ሰው መስጠት ይተናነቀኛል። በልጅነቴ በቅዳሴ የሰማሁት ቃል ነው። ይሄ የጆሮዬ ጉዳይ ነው፤ ሰዋስው አይደለም።

ወደ ሌጋሲ ልምጣ። «ቅርስ» ዱሮ ጥሪት ማለት ነበር፤ ያጠራቀሙት፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጡት። «ጥሪት ቅርስ የሌለው» ሲባል ሰምተሃል። ኋላ ላይ ሐውልቱም፣ ብራናውም፣ ቤተ መንግሥቱም ቅርስ ተባለ። «ቀረ ከሚለው ነው የወጣው፤ የቀረ ነገር ማለት ነው» የሚል ፍች ይነገራል። ደስ ይላል፤ ግን ስ ከየት መጣች? አማርኛ በግስ ጫፍ ላይ ስ እየቀጠለ ስም አያወጣም። ለማንኛውም ታኖስ ቅርስ ከሆነ አጥር ይሠራለትና ጎብኚ ይምጣለት።

«ውርስ» ይሻላል። ግን ከባድ ቃል ነው። ከ«ወረሰ» ርስትም ወጥቷል፤ ወ ወድቃ። መንዝ ላይ አጽመ ርስት ስንት ዘር ያስቆጥር እንደነበር አያትህን ጠይቅ። በ1967 ደግሞ ትርፍ ቤት «ተወረሰ»፤ ወራሽ የሌለው ውርስ መጣ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ግማሹ በረከት፣ ግማሹ ንጥቂያ ነው።

ለእኔ የእውነተኛ ውርስ ምሳሌው መዝገበ ቃላት ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡ። እሳቸውም ታትሞ ሳያዩት አለፉ። ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ትውልድ፣ አንድ ሥራ። ይህን ውርስ ብዬ ታኖስንም በዚያው ቃል ልጥራው?

የእኔ ምርጫ «ዳፋ» ነው። ዳፋ አንዱ ያጠፋው ለሌላው ሲተርፍ ነው። «በሱ ዳፋ እኛ ተቀጣን» እንላለን። «ጦስ» ይቀርበዋል፤ ግን ጦስ ዶሮ አዙረው የሚያባርሩት ነገር ነው፣ ዳፋ አይባረርም። ፊልሙ ላይ እንደ አመድ የበነኑት ሰዎች ከ5 ዓመት በኋላ ሲመለሱ ልጆቻቸው አድገዋል፤ የተዉት ኑሮ የለም። ዳፋ ማለት ይኸው ነው።

ግን አንድ ነገር ገባኝ። «ታኖስ ልክ ነበር» የሚሉ ተመልካቾች አሉ አሉ። እነሱ ዳፋ አይሉም። ሌጋሲ ነው የሚሉት፤ ምክንያቱም ሌጋሲ ባለቤቱን ሳይወቅስ ያልፋል። አንተም «ቅርስ» ስትል ወዴት እንዳደላህ ጠርጥሬአለሁ። ጓደኛህ የሳቀው በዚህ ይሆናል።

ሌጋሲ ራሱ ገብቷል። እኔ ብቆጣም አይወጣም። በስብሰባው፣ በዜናው፣ በሻይ ቤቱ ሰማሁት። የእህቴን ልጅ «ዳፋ በዪው» ብላት «ጋሼ፣ ዳፋ ሲባል ሰፈር ውስጥ የተጣሉ ይመስላል» አለችኝ። አልተስማማሁም፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

ደብዳቤህ ላይ «ሀይለኛ» እና «ሀያል» በሃሌታው ሀ ተጽፈዋል። ብዙኃኑ ኀ ነው የሚገባቸው። ስልኩ ነው እንደምትለኝ አውቃለሁ። የእኔም ስልክ እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ ይህን ስጽፍ አሥር ጊዜ አርሜዋለሁ።