ሰማዩን ነጭ ተወው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለጥር 1 የቅዱስ እስጢፋኖስን መወገር በሊኖሊየም (በቢላ በሚቀረጸው ለስላሳ የወለል ንጣፍ) ቀርጬ እንዳትም ሰንበት ትምህርት ቤታችን አዞኛል። መጠኑ መዳፍ ያክላል። ወጋሪዎቹን፣ ድንጋዩን፣ ደሙን ሁሉ አስገባሁ። ሲታተም ግን ጥቁር ጭቃ ሆነብኝ። ምን ይሻለኛል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ «ሁሉን አስገባሁ» ያልከው ላይ ነው ነገሩ። የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት ይህንኑ ታሪክ በ1635 እ.ኤ.አ. ሠርቶታል፤ ቁመቱ 9 ሴንቲሜትር ተኩል፣ ወርዱ 8 ተኩል ገደማ። ሰው ተፋፍጎበታል፤ ግን እሱ የሠራው በመዳብ ነው። መዳቡ ሰም ነገር ይቀባል፣ በመርፌ ይጫራል፣ የተጫረውን አሲድ ይበላዋል። መስመሩ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ያንተ ሊኖሊየም ይህን አይችልም።

ዣክ ካሎ የሚባለው ፈረንሳዊ ደግሞ ቅዱስ ሰባስትያንን ሲቀርጽ፣ ሰማዕቱን ሰፊ ሜዳ መሃል ኢምንት አድርጎ አቆመው። ሆድ የሚያባባው ያ ባዶ ሜዳ ነው። አንተም እንደሱ አድርግ። እስጢፋኖስ ሰማይ ተከፍቶ አይቷል አይደል? እንግዲያው የላዩን ግማሽ ጠርገህ አውጣውና ነጭ ይሁን።

ደሙን ተወው፤ በጥቁር ቀለም ደም ጭቃ ነው የሚመስለው። ወጋሪ ሦስት ይበቃል። ባሕር ዳር ስትወጣ ዘጌ ተሻገርና የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ግድግዳ እይ። በቆየው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ክፉ ሰው ፊቱ በጎን ነው፣ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ቅዱሱ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ለትንሽ ሥዕል ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም፤ ማን ማን እንደሆነ አንዲት ነጥብ ትናገራለች። ልብስ የሚጠብቀውን ሳውልን ጥግ ላይ ብታስቀምጠው ደስ ይለኛል።

ደግሞ አትርሳ፣ ኅትመት ይገለብጣል። እኔ የመጀመሪያውን ጊዮርጊስ ደብረ ማርቆስ ቀርጬ ሳትም ጦሩ በግራ እጁ ወጣ። አንድ የኔታ አዩና «ምነው ልጄ፣ ጊዮርጊስን ግራኝ አደረግኸው?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ስለዚህ በስስ ወረቀት ሣል፣ መስኮት ላይ ገልብጠህ ለጥፍና ከጀርባው ቅዳ። ስሙን የምትጽፍ ከሆነም ፊደሉን እንዲሁ፤ «ጢ» ተገልብጣ ስትወጣ ታስቃለች።

ማተሚያ ከሌለህ በማንኪያ ጀርባ ቀስ እያልክ እሸው። የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ገና ሳይገባ አትመህ ገመድ ላይ ስቀለው።